በስም የማይገኝ ሰርቨር፦ በደሴ የአንድ የኔትወርክ ጥገና ቤት አገልግሎት ሲመዘን

ደሴ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚጠግን ቤት አይታጣም። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ፎርማት የሚያደርግ፣ ቶነር የሚሞላ፣ የደኅንነት ካሜራ የሚገጥም ወጣት በየሱቁ አለ፤ አብዛኛውም እጁ የቀና፣ ለሥራው የሚተጋ ነው። የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሲታወክ ግን፣ በተለይም ጉዳቱ እንደ ተበጠሰ ኬብል ወይም እንደ ተቃጠለ ስዊች (የኮምፒዩተሮች ኬብል የሚገናኝበት ሣጥን) በዓይን የሚታይ ሳይሆን ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው በስም መፈላለግ ሲያቅታቸው፣ ምክንያቱን ከሥሩ መርምሮ የሚያገኝ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ችግር ለመሥሪያ ቤታችን የፈታልንን የአንድ ጥገና ቤት አገልግሎት፣ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም ሳልሸፍን፣ እመዝናለሁ። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ደንበኛ ልፈልግለት ብዬ ሳይሆን፣ በወሎ ያሉ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ ሲከፍሉ ምን ሊጠብቁና ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ ከተሠራ ሥራ ተነሥተው እንዲያዩ ነው።

መሥሪያ ቤታችን በአንድ ሕንጻ ሁለት ፎቆች ላይ የተቀመጠ፣ ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ ቅርንጫፍ ያለው፣ ሠራተኛው ከሞላ ጎደል ሁሉ በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። የሂሳብ ክፍሉ ፒችትሪ በተባለ የሂሳብ ፕሮግራም ይጠቀማል፤ ዳታው የተቀመጠው በአንድ የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ የሠራተኛው የጋራ ፎልደሮችና መዝገብ ቤቱ ስካን አድርጎ ያስገባቸው ሰነዶችም እዚያው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የብዙ ቢሮዎች ዕቃ እንደ ተዘረፈ ሁሉ የእኛም ተዘርፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ እንደገና የተዘረጋው በአንድ ዕቅድ ሳይሆን፣ በልገሳ በመጡ ኮምፒዩተሮች፣ አንዳንድ እያልን ከገበያ በገዛናቸው ስዊቾችና ማን መቼ እንዳስገባቸው በጽሑፍ ባልተያዙ የዋይፋይ ራውተሮች ነው። ይህንን የማነሣው ለማማረር አይደለም፤ የኋላው ችግር የተጸነሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ሠራተኛው ችግሩን የሚገልጸው «ሲስተም የለም» በሚል አንድ አባባል ብቻ ነበር። በዚህ አባባል ሥር ግን ፈጽሞ የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች ተሰብስበው ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ኮምፒዩተሮች አንዱ የኢንተርኔት ገጽ እንደ ልብ እየከፈተ ሰርቨሩን ግን ጭራሽ አያገኘውም፤ ሌላው ደግሞ ሰርቨሩን በስሙ ጠርቶ ፒችትሪን እያሠራ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ለመክፈት ረጅም ጊዜ ያስጠብቃል፣ አንዳንዴም ተስፋ ያስቆርጣል። ጠዋት የተከፈተ ፎልደር ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያታክተው ችግሩ በራሱ ጊዜ የሚመጣና በራሱ ጊዜ የሚሄድ መሆኑ ነበር፤ ባለሙያ ተጠርቶ እስኪደርስ ኮምፒዩተሩ ደኅና ሆኖ ይቆያል፣ ባለሙያውም ሪስታርት አድርጎት «ተስተካክሏል» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። በወር መጨረሻ፣ የደመወዝ ፔሮል በሚሠራበት ሰዓት፣ ሂሳብ ክፍሉ ቁጭ ብሎ ሰርቨሩ እስኪመለስ የሚጠብቅበት ቀን ነበር።

ከዚህ ቤት በፊት የመጡት ባለሙያዎች ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጥተው ሄደዋል። የመጀመሪያው በየኮምፒዩተሩ የዲኤንኤስ (የኮምፒዩተርን ስም በኔትወርክ ላይ ወደሚገኝበት ቁጥር የሚቀይር አገልግሎት) አድራሻ ቦታ ላይ 8.8.8.8 ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ቁጥር ጎግል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነጻ የሚሰጠው የስም ፍለጋ አገልግሎት አድራሻ ነው። አገልግሎቱ በራሱ ፈጣንና አስተማማኝ ነው፤ ኢንተርኔት የከዳውን ኮምፒዩተር በቅጽበት ሲያስነሣ ስለሚታይም ቁጥሩን በቃሉ የማያውቅ የጥገና ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ ይህ አገልግሎት የሚያውቀው በዓለም አቀፉ ኢንተርኔት ላይ የተመዘገበን ስም ብቻ ነው። የአንድን ቢሮ የውስጥ ሰርቨር ስም እርሱን መጠየቅ፣ ሮቢት ሰፈር ያለን ሰው ቤት አዲስ አበባ ላለ መንገደኛ እንደ መጠየቅ ነው፤ ተጠያቂው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ስለዚህ 8.8.8.8 የተጻፈበት ኮምፒዩተር ሁሉ ኢንተርኔት አገኘ፣ ሰርቨሩን አጣ። ዊንዶውስ ዲኤንኤስ ሲያቅተው እዚያው ኔትወርክ ላይ ላሉት ሁሉ «ይህ ስም ማን ነው?» ብሎ የሚጣራበት የቆየ መንገድ ቢኖረውም፣ በእኛ ሰርቨር ላይ ይህ መንገድ ለደኅንነት ሲባል የተዘጋ ነበር፤ መዘጋቱም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም በእንዲህ ያለው ጥሪ ላይ ማንም የሰርቨሩን ስም ይዞ «እኔ ነኝ» ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው ሆስትስ በተባለ የጽሑፍ ፋይል የሰርቨሩን ስምና ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ ነበር። ይህ ለጊዜው ይሠራል። ኋላ ሰርቨሩ ወደ ሌላ ቁጥር ሲዛወርና የቀድሞው ቁጥር ለአንድ ፕሪንተር ሲሰጥ ግን፣ እነዚያ ኮምፒዩተሮች የሂሳብ ዳታ ፍለጋ ወደ ፕሪንተር ይሄዱ ጀመር። የኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒዩተሮች ሁሉ ስም በአንድ እንዲህ ባለ ፋይል ተጽፎ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተይዞ፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ከዚያ እየገለበጠ ይወስደው ነበር። የኮምፒዩተሩ ቁጥር ሲበዛ ፋይሉን በየቦታው ማደስ አልደረስ ስላለ ነው የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለውን፣ የስም መዝገብን በየባለቤቱ ከፋፍሎ የሚያስይዝ ሥርዓት የነደፈው። ያኔ ጣቢያዎቹን ያስቸገረው ነገር በእኛ ቢሮ በጥቂት ኮምፒዩተሮች መካከል እንኳ ሳይዛነፍ ተደግሟል።

አሁን ወደምመዝነው ቤት ልምጣ። የመጡት ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመረቁ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ከሌሎቹ የለያቸውን ነገር ያየሁት ገና ኮምፒዩተር ሳይነኩ ነው። ከሁለቱ አንዱ በዕድሜ ጠና ያሉትን የሂሳብ ሠራተኛችንን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ጠየቃቸው፦

«እትዬ፣ እስኪ ልጠይቅዎት፤ ሰርቨሩ እንቢ የሚልዎት ጠዋት ከፍተው ሲገቡ ጀምሮ ነው ወይስ እየሠሩ ሳለ?»

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ልጄ። ማሽኑ ድርግም ይላል፤ ተመልሶ ሲነሣ ፒችትሪው አይከፍትልኝም።»

«አጠገብዎ ያለችው ልጅስ?»

«የእሷ ላፕቶፕ አይደለ? አይጠፋም። እኔ ቁጭ ብዬ ሳይ እሷ ትሠራለች።»

ይህ አጭር ምልልስ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ሳይዘጋ የቀድሞውን አድራሻውን እንደ ያዘ ይቆያል፤ ዴስክቶፑ ግን ተዘግቶ ሲነሣ አድራሻውን ከኔትወርኩ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄው ሰርቨሩ ለምን ጠፋ የሚል መሆኑ ቀርቶ፣ መብራት ሲመለስ ለዴስክቶፑ አድራሻ የሚሰጠው ማን ነው ወደሚለው ዞረ። ከዚያ በፊት የመጡት ባለሙያዎች ሁሉ በቀጥታ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደው ነበር፤ ሠራተኛዋን የጠየቃቸው አልነበረም።

ወጣቱ ቀጥሎ ያደረገው ፍተሻ ማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ ሊያደርገው የሚችል ስለሆነ በዝርዝር መናገሩ ይጠቅማል። ሰርቨሩን መጀመሪያ በቁጥሩ ፒንግ አደረገው፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ላከለት፤ መልስ መጣ። ቀጥሎ በስሙ ፒንግ አደረገው፤ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ስም አላገኘሁም አለ። በቁጥር ተገኝቶ በስም ከጠፋ ኬብሉም፣ ስዊቹም፣ ሰርቨሩ ራሱም ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ የሚፈለገው በሽታ ስምን ወደ ቁጥር በሚቀይረው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ይህንን ሳያጣሩ ኬብል የሚቀይሩና ዊንዶውስ የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው፤ በእኛም ቤት አንድ ኮምፒዩተር በዚሁ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ፎርማት ተደርጓል።

ከዚያ በኋላ ዴስክቶፑና ላፕቶፑ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ አድርጎ በሁለቱም ላይ የኮምፒዩተሩን የኔትወርክ ቅንብር የሚያሳየውን አይፒኮንፊግ የተባለ ትእዛዝ በሙሉ ዝርዝር አወጣ፤ የሁለቱንም ውጤት መስመር በመስመር እያነጻጸረ ወረደ። የአይፒ አድራሻቸው፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚገኙበት ቁጥር፣ ከአንድ ዘር ነው። ልዩነቱ የታየው ዲኤችሲፒ ሰርቨር በሚለው መስመር ላይ ነው፤ ይህ መስመር ለኮምፒዩተሩ አድራሻ የሰጠው ማን እንደሆነ ይናገራል። በላፕቶፑ ላይ የራሳችን ሰርቨር ቁጥር 192.168.1.10 ተጽፏል፤ በዴስክቶፑ ላይ ግን ማናችንም የማናውቀው 192.168.1.254 ነበር። የዲኤንኤስ መስመሩም እንደዚያው፤ ላፕቶፑ ስም የሚጠይቀው የራሳችንን ሰርቨር ሲሆን፣ ዴስክቶፑ የሚጠይቀው ያንን የማይታወቅ ዕቃ ነው።

ባልደረባው በበኩሉ ኤንኤስሉክአፕ በተባለው ትእዛዝ ሌሎች ኮምፒዩተሮችን ሲያጣራ አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘ። በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ኤንኤስሉክአፕ የሰርቨሩን ስም አላገኝም ሲል፣ ፒንግ ግን ያንኑ ስም አግኝቶ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ የፕሪንተሩ ነበር። ኤንኤስሉክአፕ የሆስትስ ፋይልንም ሆነ ኮምፒዩተሩ በማስታወሻው የያዘውን ሳያይ በቀጥታ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ፒንግ ግን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የዊንዶውስን የተለመደ መንገድ ተከትሎ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያውቀውን ያያል። ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የቆዩት የሆስትስ መስመሮች ያሉባቸው ማሽኖች አንድ በአንድ ተለይተው ታወቁ።

ቀጥለው የማይታወቀውን ዕቃ መፈለግ ጀመሩ። ከአይፒ ቁጥሩ ተነሥተው የዕቃውን የማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን መለያ ቁጥር) አወጡ፤ ከዚያም በየስዊቹ ላይ ኬብል እየነቀሉና ፒንጉ መቆሙን እያዩ ዱካውን ተከተሉት። የተገኘው በላይኛው ፎቅ በስብሰባ አዳራሹ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው፤ ለአንድ ሥልጠና ተብሎ የተገዛ፣ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ማንም ያላነሣው አነስተኛ የዋይፋይ ራውተር። ኬብሉ የተሰካው ለኢንተርኔት መግቢያ በተሠራው ቀዳዳ ሳይሆን ለኮምፒዩተሮች በተሠሩት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ ስለነበር፣ ራውተሩ በራሱ ዓለም ተወስኖ መቀመጡ ቀርቶ ለመላው የቢሮ ኔትወርክ አድራሻ ያድል ነበር። ኮምፒዩተር አድራሻ ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ቀድሞ የደረሰውን መልስ ነው። በሰላሙ ቀን ሰርቨሩና ራውተሩ ይሽቀዳደማሉ፤ አንዳንዱ ማሽን ከዚህ፣ አንዳንዱ ከዚያ ይወስዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ራውተሩ ወዲያው ሲነሣ ሰርቨሩ ተነሥቶ ለአገልግሎት እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ በዚህ ክፍተት የተነሡ ዴስክቶፖች ሁሉ የራውተሩ እጅ ላይ ይወድቃሉ። ዊንዶውስ ሰርቨር ያልተፈቀደለት የዲኤችሲፒ አገልግሎት እንዳይሠራ የሚያደርግበት የፈቃድ አሠራር ቢኖረውም፣ አሠራሩ የሚገዛው የዊንዶውስ ሰርቨሮችን ብቻ እንጂ ከገበያ የተገዛን ራውተር አይደለም።

እኔ ለዚህ ቤት ከፍተኛ ግምት የሰጠሁት ምክንያቱን ስላገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ካገኘ በኋላ ጥገናውን የት እንደሠራው በማየት ነው። ራውተሩን ነቅሎ መጣል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አዳራሹ ዋይፋይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አድራሻ የማደል ሥራውን ዘግተው፣ የራሱን ቁጥር ሰርቨሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ አውጥተው፣ የዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አደረጉት፤ ከፋብሪካ የመጣበትንም የይለፍ ቃል ቀየሩ። በየኮምፒዩተሩ በእጅ የተጻፈው 8.8.8.8 ሁሉ ተሰርዞ ማሽኖቹ አድራሻቸውንም ዲኤንኤሳቸውንም ከሰርቨሩ በራሳቸው እንዲወስዱ ሆነ፤ የሆስትስ መስመሮች ወጡ፤ ፕሪንተሮች ቁጥራቸው እንዳይለዋወጥ በሰርቨሩ ላይ ተመደበላቸው። በዲኤንኤስ መዝገቡ ላይ ከሄዱ የቆዩ ኮምፒዩተሮች ስም እንደ ነበር ተቀምጦ ስለተገኘ እርሱም ጸድቶ፣ ወደፊት የማይታደሱ ስሞችን ሰርቨሩ በራሱ እንዲያነሣ ተደረገ፤ ስሙ እስኪነሣ የሚጠበቀው ጊዜ በዊንዶውስ መነሻ ቅንብር 7 ቀን ሲደመር 7 ቀን ሲሆን እነርሱም አልቀየሩትም። ሰርቨሩን እያገኘ ኢንተርኔት ይዘገይበት የነበረው ኮምፒዩተር ምሥጢርም እዚሁ ላይ ተፈታ። ሰርቨሩ የማያውቀውን የውጭ ስም አሳልፎ የሚጠይቅበት አድራሻ ከተቀየረ የቆየ የቀድሞ ሞደም ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ስም መጀመሪያ የሞተውን አድራሻ ይጠብቅ ነበር። 8.8.8.8 ተገቢ ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው፤ ሠራተኛው የውስጥ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ የማያውቀውን የውጭ ስም ደግሞ ለኢንተርኔት አቅራቢው ዲኤንኤስና ለዚህ አገልግሎት ያስተላልፋል።

በዚህ መካከል ከመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ሠራተኛ ጋር አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በብዙ ቢሮ የሚነሣ ስለሆነ አልፌው አልሄድም። ሠራተኛችን «የውስጡ ሰርቨር አንደኛ፣ 8.8.8.8 ሁለተኛ ሆኖ በየማሽኑ ይቀመጥ፤ አንዱ ያላወቀውን ሌላው ይመልስ» አለ። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። የዊንዶውስ አሠራር ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛው የሚጠየቀው አንደኛው ጭራሽ ሳይመልስ ሲቀር ነው፤ አንደኛው «ይህ ስም የለም» ብሎ ከመለሰ እርሱ ራሱ መልስ ስለሆነ ጉዳዩ እዚያ ያበቃል። ይባስ ብሎ ሰርቨሩ ለአንድ አፍታ ሥራ በዝቶበት መልስ ካዘገየ ኮምፒዩተሩ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ ለተወሰነ ጊዜም እዚያው ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ የሚጠየቀው የውስጥ ስም ሁሉ «የለም» ይባላል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ትልቅ ምንጭ ይህ ነው። ትክክለኛው ሁለተኛ የውስጡን ስም እኩል የሚያውቅ ሌላ የውስጥ ሰርቨር ነው። ባለሙያዎቹ ይህንን አንድ ማሽን ከፍተው፣ የሰርቨሩን የዲኤንኤስ አገልግሎት ለጊዜው አቁመው በተግባር አሳዩ፤ ሠራተኛችንም አምኖ ተቀበለ። ዕውቀታቸውን ደብቀው ሳይሆን ለደንበኛው ሠራተኛ አስረድተው መሥራታቸውን ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ።

ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ኮምፒዩተሮች አሁንም ሰርቨሩን አላገኝም ብለው ነበር። ምክንያቱ ዊንዶውስ የተሰጠውን መልስ ብቻ ሳይሆን «የለም» መባሉንም ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያስታውስ ነው፤ ማስታወሻውን በትእዛዝ ማጽዳት በቂ ሆነ።

የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ ችግር የተለየ መልክ ነበረው። እዚያ ያሉት ላፕቶፖች ከዋናው ቢሮ ጋር የሚገናኙት በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር፣ ሲሆን፣ ሰርቨሩን በአጭር ስሙ ሲጠሩት አያገኙትም፤ ከነሙሉ ስሙ፣ ማለትም ከነጥቡ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ የዶሜይን ስም ተጨምሮበት ሲጠሩት ግን ይከፍታል። ደሴ ያሉት ኮምፒዩተሮች የዶሜይኑ፣ ማለትም በሰርቨሩ ሥር በአንድነት የሚተዳደረው የኮምፒዩተሮች ስብስብ፣ አባል ስለሆኑ አጭሩን ስም ሲሰሙ ቀሪውን ራሳቸው ይጨምሩበታል፤ የኮምቦልቻዎቹ ግን አባል ስላልነበሩ የሚጨምሩት ነገር የላቸውም። መፍትሔው በቪፒኤኑ ቅንብር ላይ የዶሜይኑን ስም ማስገባትና ዲኤንኤሱ በቪፒኤኑ በኩል እንዲጠየቅ ማድረግ ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ጥገና ቤቱ ግን እዚህ ላይ አልተመሰገነም። የደሴው ሥራ እንዳለቀ ይመጣሉ የተባሉት ባለሙያዎች ቀጠሮ ደጋግመው አዛውረው፣ ቅርንጫፉ የወሩን ሪፖርት በፍላሽ ልኮ ነው የደረሱለት። ኮምቦልቻ ከደሴ በሚኒባስ የቅርብ መንገድ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹም እዚያው ስላሉ ለእንዲህ ያለ ቤት ሥራ የማይጠፋበት ከተማ ነው። አንድ ሰው በቋሚነት እዚያ ቢመድቡ ለራሳቸውም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ሌሎችም ጉድለቶች አሉ። የሰርቨሩን የዲኤንኤስና የዲኤችሲፒ ቅንብር ከለውጡ በፊትም ሆነ በኋላ መጠባበቂያ ወስደው ለእኛ አላስረከቡም፤ ስንጠይቅ ነው ያደረጉት። አንድ ሠራተኛ በብራውዘሩ ውስጥ የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ መርጦ ስለነበር፣ ዊንዶውሱ ተስተካክሎም ብራውዘሩ የውስጡን ገጽ ሊከፍት አልቻለም፤ ይህንን በመጀመሪያው ፍተሻ ስላላዩት ተመልሰው መምጣት ግድ ሆነባቸው። ያስረከቡን የሥራ ሪፖርት በአማርኛ የተጻፈና ለአስተዳደር ሰው የሚገባ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የኔትወርኩ ሥዕል ግን በእጅ የተሣለ ስለሆነ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ቁጥሮቹን ለማንበብ ይቸገራል። በመጨረሻም ሥራው የተሠራው በሥራ ሰዓት ነው፤ ዲኤንኤሱን ለማሳያ ሲያቆሙት ለሠራተኛው ቀድሞ አልተነገረም።

ስለ ዋጋው። የጠየቁት ክፍያ ከለመድነው ከፍ ያለ በመሆኑ የግዥ ክፍላችን መጀመሪያ አልተዋጠለትም ነበር። ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ብቻ አይደለም፤ በስሌቱ ላይም ነው። ቀድሞ የመጡት በኮምፒዩተር ሂሳብ ነበር የሚያስከፍሉት፤ ይህን ያህል ማሽን ነካን፣ ይህን ያህል ብር። እንዲህ ያለው ስሌት ባለሙያውን ሳያስበው ወደ ተሳሳተ ጥገና ይገፋዋል። ጉዳቱ በአንድ ቦታ ሳለ በየማሽኑ መጻፍ ብዙ ያስከፍላል፣ ምክንያቱን ፈልጎ በአንድ ቦታ ማስተካከል ግን ጥቂት ያስከፍላል። ይህ ቤት ያስከፈለው ለችግሩ መፈታት ነው፤ ግማሹን ሲጀምር፣ ግማሹን ደግሞ መብራት ጠፍቶ በተመለሰበት ቀን ሁሉም ዴስክቶፖች ሰርቨሩን በስም ማግኘታቸው ከታየ በኋላ ተቀበለ። ደሴ ላይ ለዚህ ፈተና ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ እስኪነሣ ድረስ ማሽኖቹ አድራሻ አጥተው 169.254 ብሎ የሚጀምረውን ራሳቸው ለራሳቸው የሚሰጡትን ቁጥር ያዙ፤ ሰርቨሩ ሲደርስ ግን አንድም ወደ ሌላ ሳይሄድ ትክክለኛውን ወሰዱ። እትዬም ፒችትሪውን ከፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ደረሰኙም ሕጋዊ ነው፣ ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ።

የቀረው ትልቅ ክፍተት የውስጥ የስም አገልግሎቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ሰርቨሩ ከቆመ ኢንተርኔቱም ጭምር ይቆማል፤ ይህንን ባለሙያዎቹ በሪፖርታቸው በግልጽ ጽፈው ሁለተኛ የውስጥ ሰርቨርና ለሰርቨሩ ክፍል በቂ ጊዜ የሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል መጠባበቂያ ባትሪ) እንዲገዛ አሳስበዋል። የመጠባበቂያ ባትሪው ግዥ ተፈቅዷል፤ ሁለተኛው ሰርቨር ለመጪው በጀት ዓመት ተይዟል። ከቤቱ ጋር የዓመት የጥገና ውል ስንፈርም ሦስት ነጥቦች አስጨምረናል፦ ለኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የምላሽ ጊዜው እንደ ደሴው በቁጥር እንዲጻፍ፣ በቅንብር ላይ ማንኛውም ለውጥ ሲደረግ መጠባበቂያውና የታደሰው የኔትወርክ ሥዕል በታተመ ቅጂ ለመዝገብ ቤት እንዲገባ፣ አገልግሎት የሚያቋርጥ ሥራ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን። ሦስቱንም ሳያንገራግሩ ተቀብለዋል።